ባለመስታወት ሌንስ፦ 500 ሚሊ ሜትር በአንድ መዳፍ

ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳ ሌንስ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው በእግር ኳስ ሜዳ ዳር በመቆሚያ ላይ ተደግፎ የሚታየው፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ ነው። ባለመስታወት ሌንስ ግን ያንኑ 500 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ተሸክሞ በአንድ መዳፍ ይያዛል። ታምሮን በፊልም ዘመን ይሠራው የነበረው ባለ 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 600 ግራም ገደማ ነው። የሚኖልታው ባለ 250 ሚሊ ሜትር ደግሞ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ክብደቱም 250 ግራም አካባቢ ነው።

ለዓመታት በአሮጌ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረው ይህ ሌንስ አሁን እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ምክንያቱ መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች ናቸው። በአንድ ማገናኛ ቀለበት የየትኛውንም ዘመን ሌንስ ለማለት ይቻላል ይቀበላሉ፤ ትኩረትን በእጅ ማስተካከልንም ከድሮው እጅግ አቅልለውታል። ቶኪናን የመሰሉ አምራቾችም አዳዲስ ሞዴሎችን አውጥተዋል። ወሬው በበዛ ቁጥር ታዲያ አስተያየቱም ጽንፍ ይዟል። አንዱ ወገን መጫወቻ ነው፣ ጥርት ያለ ነገር አይወጣውም ይላል፤ ሌላው የትልቁን ሌንስ ሥራ በርካሽ የሚሠራ ተአምር ያደርገዋል። ሁለቱም ያለፉት ነገር አለ። ሌንሱ በእጅ ለመያዝ መመቸቱ አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ተይዞ ጥርት ያለ ፎቶ መስጠቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ግርታ እናጥራ። «መስታወት አልባ ካሜራ ላይ ባለመስታወት ሌንስ» ሲባል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን መስታወቶቹ የተለያዩ ናቸው። ካሜራው የሌለው መስታወት ምስሉን ወደ መመልከቻው መስኮት ይመልስ የነበረው ነው፤ የሌንሱ ግን ራሱን ምስሉን የሚሠራው ነው። ቋንቋችን የመስኮቱንም የፊት ማያውንም መስታወት ስለሚል፣ እዚህ ላይ ብርሃን የሚመልሰውን ብቻ መስታወት፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ብርጭቆ ብዬዋለሁ።

መስታወቱ ሌንሱን እንዴት ያሳጥረዋል?

በሌንስ ላይ የሚጻፈው የሚሊ ሜትር ቁጥር የትኩረት ርዝመት ይባላል። ከሩቅ የመጣ ብርሃን በሌንሱ ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ እስኪገናኝ የሚፈልገውን ርቀት ይነግረናል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሩቁ ነገር ገዝፎ ይታያል፤ ብርሃኑ የሚጓዝበትም መንገድ ይረዝማል። 500 ሚሊ ሜትር ግማሽ ሜትር ነው። ተራው የቴሌ (ሩቅ አቅራቢ) ሌንስ በብርጭቆዎቹ አደራደር ይህን መንገድ ጥቂት ያሳጥረዋል እንጂ ብርሃኑን ከቀጥታ መስመር አያወጣውም፤ ቱቦው የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ባለመስታወቱ ግን መንገዱን ያጥፈዋል፤ ረጅም ገመድ ተጣጥፎ አጭር ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ። ሌንሱን ከፊት ለፊቱ ብታዩት መሐሉ ላይ ጥቁር ሳንቲም የተለጠፈበት ይመስላል። ብርሃን በዚህ ጥቁር ክብ ዙሪያ ባለው ክፍት ቀለበት ይገባና ከኋላ በተቀመጠው ትልቅ ስርጉድ መስታወት ላይ ያርፋል። ያ መስታወት ወደ ፊት ይመልሰዋል። ከጥቁሩ ክብ ጀርባ የተደበቀች ትንሽ መስታወት ትቀበለውና እንደገና ወደ ኋላ ትልከዋለች፤ በመጨረሻም ትልቁ መስታወት መሐል ላይ በተበሳው ቀዳዳ አልፎ የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ፎቶ የሚለውጠው ክፍል፣ ላይ ያርፋል። ትንሿ መስታወት ፊቷ እብጥ በመሆኑ፣ ብርሃኑን መመለስ ብቻ ሳይሆን የሚገናኝበትንም ነጥብ ታርቀዋለች። ስለዚህ ቱቦው ከእጥፋቱ በላይ ያጥራል።

ሐሳቡ የመጣው ከሥነ ፈለክ ነው። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት የማስቀመጡ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1672 ከታወቀው የፈረንሳዊው ካሴግሬን ስም ጋር ይያያዛል። የቴሌስኮፕ ሠሪው በርናርድ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1930 መስታወትን ከማረሚያ ብርጭቆ ጋር አጣመረ፤ ሶቪየታዊው ዲሚትሪ ማክሱቶፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ወፍራም ጎባጣ ብርጭቆ ከፊት ያለበትን ዓይነት አመጣ። ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት ክብደተኞቹ የሶቪየት ባለመስታወት ሌንሶች የማክሱቶፍ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ከማጠሩ ሌላ ብዙ የማይነገርለት ጥቅም አለው። ብርጭቆ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን እኩል አያጎብጥም፤ በተራ ረጃጅም ሌንሶች በጥቁርና በነጭ ድንበር ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጠርዝ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። መስታወት ግን ቀለም አይመርጥም፤ ሁሉንም በገቡበት ማዕዘን ልክ ይመልሳቸዋል። በደማቅ ሰማይ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ቅርንጫፍ አንስታችሁ ጠርዙን አጉልታችሁ ስታዩት ንጹሕ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ሁሉም ረጅም ሌንስ ለምን እንዲህ አይሠራም?

ያ ጥቁር ክብ በነጻ አልተቀመጠም። ኤፍ 8 የሚባለው ቁጥር የትኩረት ርዝመቱን ለብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ስፋት አካፍለን የምናገኘው ነው። 500ን ለ62.5 ሚሊ ሜትር ብናካፍል 8 ይመጣል። መሐሉ ላይ ያለው ክብ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ብርሃን ከሚገባበት የቀዳዳው አጠቃላይ ገጽ 23 በመቶ ያህሉን ይጋርዳል። ሌንሱ ላይ 8 ተብሎ ይጻፍ እንጂ የሚያስገባው ብርሃን ወደ 9 የቀረበ ነው፤ መስታወቶቹ ራሳቸው የሚያስቀሩት ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሁለተኛው ዋጋ ቀዳዳው የማይለወጥ መሆኑ ነው። በተራ ሌንስ ውስጥ ከዳር ወደ መሐል የሚጠብ መጋረጃ አለ። እዚህ ያንን ብናስገባ ከዳር እየጠበበ መጥቶ መሐል ላይ ጥቁሩን ክብ ይገናኘዋል፤ የቀረውን ብርሃንም ያንቀዋል። ስለዚህ ባለመስታወት ሌንሶች በአጠቃላይ አንድ የቀዳዳ መጠን ብቻ ነው ያላቸው። ብርሃን ሲበዛም ሲያንስም የምታስተካክሉት በሸተር ፍጥነት ወይም በአይኤስኦ ነው። ሸተር ብርሃን ለስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው የካሜራው መጋረጃ ነው፤ አይኤስኦ ደግሞ ሴንሰሩ ለተቀበለው ብርሃን የሚሰጠው ማጉያ ነው፤ ሲጨምር ፎቶው ላይ የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ ነቁጥ ይበዛል።

ሦስተኛው የንጽጽር ማነስ ነው። በክቡ ጠርዝ የሚያልፍ ብርሃን ጥቂት ይበተንና ጥቁሩን ግራጫ፣ ነጩን ዳለቻ ያደርገዋል። ሌንሱን «ብዥ ይላል» ብለው የሚያሙት ብዙዎች የሚያዩት በእውነቱ ይህን ፈዛዛነት ነው። ዝርዝሩ ፎቶው ውስጥ አለ፤ በኮምፒውተር ላይ ንጽጽሩ ከፍ ሲደረግ ይወጣል። የጎን ብርሃን የሚከለክል ጥልቅ ኮፍያ ሌንሱ ላይ ማድረግም ከሚታሰበው በላይ ይረዳል።

ቀላል ከሆነ በእጅ መያዙ ለምን ያስቸግራል?

በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ቅርብ ያለውን ግድግዳ አብሩ፤ የብርሃኑ ነጥብ እምብዛም አይንቀጠቀጥም። ሩቅ ያለውን ግድግዳ ስታበሩ ያው እጅ፣ ያው ባትሪ ሆኖ ነጥቡ ይዘላል። የትኩረት ርዝመትም እንዲሁ ነው። እጃችሁ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብትዞር፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ በ500 ሚሊ ሜትር ግን 0.87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል በሆነ ሙሉ ፍሬም (የድሮውን ፊልም ያህል ስፋት ባለው) ሴንሰር ላይ ይህ 145 ፒክስል ነው። የሌንሱ ማጠር ከዚህ ስሌት አንዲት ነጥብ አይቀንስም፤ ሥራውን የሚሠራው የታጠፈው መንገድ እንጂ የቱቦው ርዝመት አይደለምና።

እንዲያውም ቀላልነቱ ራሱ ይከዳል። ከባድ ነገር ለፈጣን ንዝረት ቶሎ አይታዘዝም፤ ሁለት ኪሎ ሌንስ የጣትን ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ውጦ ያስቀረዋል። ስድስት መቶ ግራሙ ግን የልብ ምትን ሳይቀር ያሳያል። በሌላ በኩል ከባዱ ሌንስ ከደቂቃዎች በኋላ ክንድ ያዝላል፤ ድካም ደግሞ የራሱን መንቀጥቀጥ ያመጣል። ቀላሉ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ቀን አንጠልጥላችሁት ብትውሉ እንኳ የመጨረሻው ፎቶ ሲነሳ እጃችሁ እንደ መጀመሪያው ነው።

አያያዙም የራሱ ጠባይ አለው። የትኩረት ቀለበቱ አብዛኛውን የሌንሱን አካል ስለሚሸፍን፣ ሳታስቡት የምትጨብጡት ቀለበቱን ነው፤ አጥብቃችሁ ስትይዙት ያስተካከላችሁት ትኩረት ይዞራል። ስለዚህ የግራ መዳፍ ከካሜራውና ከሌንሱ መገናኛ ሥር ገብታ ክብደቱን ትሸከም፤ ቀለበቱን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ይንኩት። ክርኖች ደረት ላይ ይደገፉ፤ ዓይን መመልከቻው ላይ ይጠጋ። ካሜራውን ከፊት ዘርግቶ በስክሪኑ እያዩ 500 ሚሊ ሜትር ማንሳት ግን ልፋት ብቻ ነው። ግድግዳ ወይም የዛፍ ግንድ ካለ ትከሻን ማስደገፍ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቁልፉንም አንድ ጊዜ ነካ ከማድረግ ይልቅ አራት አምስት ፎቶ በተከታታይ እንዲያነሳ ተጭኖ መያዝ ይሻላል፤ ጣት ሲጫን የሚመጣው ንቅናቄ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነውና።

ስንት የሸተር ፍጥነት ይበቃል?

ከፊልም ዘመን የወረስነው ልማድ የሸተሩ ፍጥነት ቢያንስ የትኩረት ርዝመቱን ያህል ይሁን ይላል፤ ለ500 ሚሊ ሜትር 1/500 ሰከንድ ማለት ነው። ሴንሰሩ ከሙሉ ፍሬም ካነሰ የምስሉ ማዕዘን ስለሚጠብ ቁጥሩ ያድጋል፤ በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ወደ 1/800 ይጠጋል። ያ ልማድ የተበጀው ግን ትንንሽ የታተሙ ፎቶዎችን ለሚያይ ዓይን ነበር። ዛሬ በስክሪን ላይ አጉልቶ የሚመረምር ሰው 1/1000ን መነሻ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ይህ በብርሃን ሲመነዘር እንዲህ ነው። ጥላ በማይጋርደው ደማቅ ፀሐይ አይኤስኦ 400 ላይ 1/1000 ያለ ችግር ይገኛል። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ አይኤስኦው ከ1000 እስከ 1600 መውጣት አለበት። ጥላ ሥር ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ 5000 ይጠጋል። የፊልም ዘመን ሰዎች በዚህ ሌንስ ተማርረው የተዉት ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ካሜራው ውስጥ የገባው ፊልም 100 ከሆነ ጥቅልሉ እስኪያልቅ 100 ነው። ዛሬ አይኤስኦ 3200 ላይ የተነሳ ፎቶ ያለ ኀፍረት የሚታይ ስለሆነ፣ ሌንሱ ሳይለወጥ ካሜራው አዳነው ማለት ይቻላል።

የካሜራው ማረጋጊያስ አይበቃም?

ብዙ አዳዲስ ካሜራዎች ሴንሰሩን ከእጅ መንቀጥቀጥ በተቃራኒ እያንቀሳቀሱ ምስሉን ያረጋጋሉ። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሱት ለመወሰን የትኩረት ርዝመቱን ማወቅ አለባቸው። ዘመናዊ ሌንስ በኤሌክትሪክ ግንኙነት ይነግራቸዋል፤ ባለመስታወቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲዳ ነው። ስለዚህ ከካሜራው ምናሌ ውስጥ ገብቶ 500 የሚለውን ቁጥር በእጅ መሙላት ያስፈልጋል። ባለፈው የተጠቀማችሁበት የ50 ሚሊ ሜትር ቁጥር እዚያው ከቀረ ማረጋጊያው ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛውን ብቻ ያርማል፤ ባለቤቱም ማረጋጊያው አይሠራም ብሎ ያማርራል። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 500 ከተሞላ፣ ካሜራው ከልክ በላይ እያረመ ያልነበረ ንዝረት ይፈጥራል።

ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ውስን ስለሆነ በረጅም የትኩረት ርዝመት ማረጋጊያው የሚሰጠው እፎይታ በአጭሩ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። የሚያነሱት ነገር ራሱ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጨርሶ አይረዳም፤ የወፍ አንገት ሲዞር የሚያቆመው ፈጣን ሸተር ብቻ ነው።

ፎቶው የተበላሸው በእጄ ነው ወይስ በትኩረቱ?

ከዚህ ሌንስ ጋር ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እጁን ሲወቅስ ጥፋቱ የትኩረት ነው። 15 ሜትር ርቃ የተቀመጠች፣ 20 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ወፍ እናስብ። በ500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ክልል ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አጉልቶ ለሚያይ ሰው ደግሞ ግማሹ ብቻ። ቀለበቱን በጥቂቱ ማሳት ወፏን ትቶ ከጀርባዋ ያለውን ቅጠል ማጥራት ነው። በነገራችን ላይ ያቺ ወፍ 24 ሚሊ ሜትር ከፍታ ባለው ሴንሰር ላይ የምትይዘው 6.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 500 የሚለው ቁጥር ከሚያስጎመጀው ያነሰ ነው። ሙሉ ጨረቃም ብትሆን ሴንሰሩ ላይ 4.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት።

ሁለቱን ጥፋቶች ለመለየት ሌንሱ ራሱ ምስክር ይሰጣል። ፎቶው ውስጥ የምታብረቀርቅ ትንሽ ነጥብ ፈልጉ፤ የውሃ ጠብታ ወይም የዓይን ብልጭታ ትሆናለች። ነጥቧ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስባ ጭረት ከሆነች እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። መሐሏ ባዶ የሆነ ቀለበት ከሆነች ግን ትኩረቱ ስቷል። ተራ ሌንስ ይህን ያህል ግልጽ ምስክርነት አይሰጥም።

ትኩረቱን ለማግኘት በመመልከቻው ውስጥ ምስሉን አጉልቶ ማየት ዋናው መንገድ ነው። ቀለበቱን አዙሮ ጥርት ያለውን ቦታ ማለፍ፣ ከዚያ መመለስ፣ እንደገና በትንሹ ማለፍ፤ ዓይን ጫፉን የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ «ሩቅ ስለሆነ ይጠራል» ማለት ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። አካሉ በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ሠሪዎቹ ቀለበቱን ሆን ብለው ከወሰን የለሹ ርቀት አልፎ እንዲዞር አድርገውታል፤ መጨረሻው ላይ የሚቆመው ትኩረት የትም የለም። ሚኖልታ ጀምሮት ሶኒ የቀጠለው ባለ 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ በራሱ ትኩረት ያስተካክል ነበር፤ እሱ ግን ከልማዱ የወጣ ነው።

አንድ ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ፦ አየሩ። በቀትር የጋለ መሬት ላይ አልፎ የመጣ ምስል እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተካል። ይህን የሚያድነው ሌንስ የለም፤ ያለው አማራጭ መጠጋት ወይም በማለዳ መመለስ ነው።

የብርሃን ቀለበቶቹን ማጥፋት ይቻላል?

አይቻልም፤ መሸሽ ግን ይቻላል። ከትኩረት ውጪ ያለ እያንዳንዱ የብርሃን ነጥብ የመግቢያውን ቅርጽ ይይዛል፤ መግቢያው ቀለበት ስለሆነ ነጥቡም ቀለበት ይሆናል። ፀሐይ የሚያብረቀርቅበት ውሃና በቅጠሎች መሐል የሚሾልክ ብርሃን ጀርባውን በቀለበት ይሞሉታል፤ ቀጫጭን ጭራሮዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ሆነው ይታያሉ። ጭራሮው ነው ይበልጥ የሚያስቀይመው። ጀርባው ሰማይ ከሆነ፣ ወይም ርቆ ያለ አንድ ወጥ ጥላ ከሆነ፣ ሌንሱ ባለመስታወት መሆኑን ማንም አያውቅም። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መራመድ ይበቃል፤ ለዚህ ደግሞ በመቆሚያ ያልታሰረ ሌንስ ይመቻል።

ዛሬ ከዚህ የተሻለ የለም?

አለ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ባለ 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 11 ሌንስ 930 ግራም ሲመዝን በራሱ ትኩረት ያስተካክላል፤ ማረጋጊያም አለው። የኒኮን ባለ 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። የሚበር ወፍ የሚያሳድድ ሰው ወደ እነዚህ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በእጅ ትኩረት እያሳደዱ መያዝ ይቻላል ቢባልም ከአሥር አንዱ ከተያዘ ብርቅ ነው። ባለመስታወቱ የሚያዋጣው ለሚቀመጥ ነገር፣ ጥሩ ብርሃን ላለበት ሰዓትና ሌንሱን ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ለሚወረውር ሰው ነው።

ያገለገለ ሲገዛ ምን ይታያል?

መጀመሪያ መገናኛው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ባለ 42 ሚሊ ሜትር የመጠምዘዣ ጥርሶች አሉ፦ ኤም 42 የሚባለው ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር፣ ቲ 2 የሚባለው 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ አንድ ዙር ያህል ይገባና ይጠብቃል፤ በጉልበት የቀጠለ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ቀጥሎ የኋላ ማጣሪያው። ብዙዎቹ ሌንሶች ከኋላቸው የምትታሰር ትንሽ ክብ ብርጭቆ አለቻቸው፤ ጌጥ ሳትሆን የሌንሱ ስሌት አካል ናት፤ ከጠፋች ትኩረቱም ጥራቱም ይዛባል። ሌንሱን ለመሞከር ወደ ፀሐይ ማዞር ግን በጭራሽ አይገባም፤ በመመልከቻ መስኮቱ የሚያይን ዓይን ያሳውራል፣ ካሜራውንም ያቃጥላል።

የመጨረሻው ፍተሻ በሌሊት ነው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ አዙሩና ትኩረቱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ኮከቧ ወፍራም ቀለበት ትሆናለች። በምስሉ መካከል ሆና ጥቁሩ ባዶ የቀለበቱ ትክክለኛ መሐል ላይ ከተቀመጠ መስታወቶቹ በቦታቸው አሉ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን ሌንሱ አንድ ቀን ሳይወድቅ አልቀረም፤ ሻጩ ምንም ቢል።